‹ፓራሌል› የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አስተካክሎ ለመጻፍና ለማንበብ

በድሬዳዋ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የማታ ማጠናከሪያ ሳስተምር፣ አንድ ቀን የጂኦሜትሪ መልመጃ አዘጋጅቼ አርባ ቅጂ ካባዛሁ በኋላ፣ ወረቀቱን ገና አድዬ ሳልጨርስ ከፊት ወንበር የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ኤሏ ቦታዋን ስታለች» አለኝ። እውነቱን ነበር። በወረቀቱ አናት ላይ በትልልቅ ፊደል ባሰፈርሁት የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከመካከል ሊደረብ የሚገባው ኤል ነጠላ ሆኖ ቀርቶ፣ ከመጨረሻ ነጠላ ሊሆን የሚገባው ተደርቦ ነበር። አርባውንም ወረቀት በእስክሪብቶ አረምን። ያን ያህል ዓመት ቃሉን ስጽፈው የኖርሁት በሽምደዳ ብቻ እንደ ነበረ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ ሽምደዳ ደግሞ ሰው ሲደክመው ይከዳል። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ቃሉን ከነሥሩ ነው፤ ከዚህ በታች የማቀርበውም እርሱኑ ነው።

ቃሉ ስምንት ፊደላት አሉት፦ ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤል። ስምንቱን በአንድ ትንፋሽ ከመደርደር ይልቅ በሦስት ቆርጦ መያዝ ይቀላል። የመጀመሪያው ቁራጭ ፒ-ኤ-አር፣ ሁለተኛው ኤ-ኤል-ኤል፣ ሦስተኛው ኢ-ኤል ነው። መካከለኛው ቁራጭ በእንግሊዝኛ ‹ሁሉ› ማለት የሆነው ‹ኦል› የሚባለው ቃል ስለ ሆነ፣ ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የሚያውቀውን ቃል ከመሃል ያገኘዋል። ኤል በትንሹ ፊደል ሲጻፍ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ ይመስላል፤ ሁለቱ ኤሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ እኩል ርቀት ጠብቀው የማይገናኙ ሁለት መስመሮች ይሆናሉ፤ ይህም ማለት የቃሉ ትርጉም በቃሉ መካከል ተሥሎ ይገኛል። የድሬዳዋ ልጅ ደግሞ ይህን ሥዕል በዓይኑ ለማየት ሩቅ አይሄድም፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተዘርግቶ እዚህ የደረሰው የአሮጌው ባቡር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው፣ ለገሀር አጠገብም ይሁን ከከተማ ወጣ ብሎ ብንለካው ያው አንድ ሜትር ነው። ልጆቹን ይህን ቃል ባስተማርሁ ቁጥር ሁለቱን ኤሎች ረዘም አድርገው እንዲጽፉና በመካከላቸው የሐዲድ እንጨት እንዲሥሉ አደርጋለሁ። ሥዕሉ ለፈተና ወረቀት እንደማይሆን ግን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ አንዱ አድርጎት ያውቃልና።

ሥዕሉ የኤሎቹን ቦታ ያስታውሳል እንጂ ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ አይነግርም። ተማሪዎቻችን በዚህ ቃል የሚሰናከሉበት ምክንያት ስንፍና አይመስለኝም። በድሬዳዋ አንድ ልጅ የሱቅ ታፔላ እያነበበ ከቤቱ ወጥቶ ትምህርት ቤት እስኪደርስ ድረስ፣ ስለሚጠብቅ ድምፅ አጻጻፍ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሕጎች ያጋጥሙታል። አማርኛ ድምፁን ያጠብቃል፣ ጥብቀቱን ግን በፊደል አያሳይም። ‹አለ› ላልቶ ሲነበብ ‹ተናገረ› ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ‹ይገኛል› ነው፤ ፊደሉ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ‹ዋና› ወንዝ ውስጥም ይዋኛል፣ መሥሪያ ቤት ውስጥም ዋና ሆኖ ይሾማል፤ ‹ገና› በዓልም ነው፣ ያልደረሰ ነገርም ነው። ለይቶ የሚያነበው አንባቢው ራሱ ነው። በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ደግሞ ጥብቀቱን ይጽፈዋል፤ የከተማችን ስም በቁቤ ሲጻፍ አር የሚለው ፊደል ሁለት ጊዜ የሚደረደረው ተናጋሪው ያን ድምፅ አጥብቆ ስለሚናገረው ነው። የሶማሊኛ የላቲን አጻጻፍም በዚህ ረገድ ከቁቤ ጋር ይስማማል። እንግሊዝኛ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፊደሉ ይደረባል፣ ድምፁ ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ በቁቤ ወይም በሶማሊኛ ተምሮ የመጣ ልጅ የእንግሊዝኛውን ቃል ሲያይ ኤሉን አጥብቆ ያነበዋል፤ ለእርሱ ሁለት ፊደል ማለት የጠበቀ ድምፅ ነውና። በአማርኛ የተማረው ልጅ ደግሞ ድምፁ ሲላላ ይሰማና አንድ ኤል ብቻ ይጽፋል። አንደኛው በንባብ፣ ሌላው በጽሕፈት ይሳሳታል፤ ሁለቱም ግን የየራሳቸውን ፊደል ሕግ በታማኝነት የጠበቁ ናቸው። ለሁለቱም የምሰጠው መፍትሔ ‹አለ› የሚለው ቃል ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል መካከል ስታነቡ ‹አለ፣ ተናገረ› እንደሚባለው አላሉት፤ ስትጽፉት ግን ‹አለ፣ ይገኛል› እንደሚባለው የጠበቀ መስሏችሁ ሁለት ኤል አኑሩበት። ተማሪዎቼ ይህን ለመያዝ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም።

በእርግጥ እንግሊዝኛ ፊደል የሚደርበው ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቃላት ድርቡ ፊደል ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ያመለክታል፤ ራት ማለት የሆነው ‹ዲነር› ሁለት ኤን አለው፣ አንዱን ኤን ብትቀንሱበት ‹ዳይነር› ተብሎ ይነበብና ትርጉሙ ተመጋቢ ይሆናል። በእኛ ቃል ያሉት ሁለት ኤሎች ግን ይህንንም ሥራ አይሠሩም፤ እዚያ የቆሙት ቃሉ ከመጣበት ቋንቋ ይዟቸው ስለ መጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ምንጩ መውረድ ግድ ይላል።

ምንጩ ግሪክኛ ነው። ‹ፓራ› ማለት ‹ከጎን፣ አጠገብ› ማለት ሲሆን፣ ‹አሌሎን› ማለት ‹እርስ በርስ› ማለት ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ‹እርስ በርስ ጎን ለጎን የሆነ› የሚል ትርጉም ይሰጣሉ። ሁለቱ ቃላት ሲገናኙ የፊተኛው መጨረሻና የኋለኛው መጀመሪያ የሆኑት ሁለት ‹አ›ዎች ተዋሕደው አንድ ብቻ ስለ ቀረ፣ በእንግሊዝኛውም ከአር በኋላ አንድ ኤ ብቻ ይጻፋል። ‹አሌሎን› ራሱ የተሠራው ‹ሌላ› ማለት ከሆነው ‹አሎስ› ከተባለ ቃል ነው፤ ቃሉ ተደግሞ ‹ሌላው ሌላውን› እንደ ማለት ሆነ፣ እኛ ‹እርስ› የሚለውን ደግመን ‹እርስ በርስ› እንደምንለው ዓይነት። ‹አሎስ› በግሪክኛ ሲጻፍ ሁለት የኤል ድምፅ ያለው ቃል ነው። ሲደጋገም የመጀመሪያው ሁለቱን እንደ ያዘ ቀረ፣ ሁለተኛው ግን አንዱን አጣ። ከመካከል ሁለት ኤል፣ ከመጨረሻ አንድ ኤል የሚለው ሕግ የተወለደው እዚህ ላይ ነው፤ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ያወጡት ደንብ አይደለም። ‹አሎስ›ና የእኛ ‹ሌላ› የሥጋ ዝምድና የላቸውም፣ በድምፅና በትርጉም መመሳሰላቸው አጋጣሚ ነው፤ ለማስታወስ ያህል ግን ‹ፓራሌል› ውስጥ ‹ሌላ› አለ ብላችሁ ብታስቡ አትጎዱም።

የጥንት ግሪኮች እነዚያን ሁለት ኤሎች አጥብቀው ይናገሯቸው ነበር። እንግዲህ ቃሉን አጥብቆ የሚያነበው የድሬዳዋ ልጅ ከለንደን ሰዎች ይልቅ ለጥንቱ የጂኦሜትሪ ሊቅ ለኤውክሊድ ይቀርባል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ይደሰታሉ፤ የእንግሊዝኛ መምህራቸው ግን በዚህ ምክንያት ነጥብ እንደማይሰጧቸውም አክዬ እነግራቸዋለሁ።

ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ሆኖ ባዘጋጀው ሥራ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ 23ኛ ብያኔ ላይ፣ ፓራሌል የሚባሉት በአንድ ጠለል ላይ ሆነው በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ገደብ ቢዘረጉ የማይገናኙ ቀጥታ መስመሮች ናቸው ብሏል። ብያኔው ስለ ቀጥታ መስመሮች መናገሩን ልብ ማለት ይገባል፤ ባቡሩ ሲጠመዘዝ ሐዲዱም ይጎብጣል፣ ብረቶቹ እኩል ርቀታቸውን ቢጠብቁም በዚያ ቦታ ላይ የኤውክሊድ መስመሮች አይደሉም። ቃሉ ከግሪክኛ ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ተሻግሮ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝኛ ውስጥ ሥር ሰደደ። የኤውክሊድ ሥራ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1570 ሲሆን፣ ተርጓሚው ኋላ የለንደን ከንቲባ የሆነው ሄንሪ ቢሊንግስሌይ ነበር።

በአማርኛ የምንጠቀምበት ‹ትይዩ› የሚለው ቃል ከግሪክኛው ጋር ሳይመካከር ወደ አንድ ሐሳብ የደረሰ ነው። የተገኘው ከ‹ተያየ› ነው፤ ይህም አንዱ ሌላውን ማየት፣ እርስ በርስ መተያየት ነው። ግሪኩ ‹እርስ በርስ አጠገብ ያሉ› ያለውን እኛ ‹እርስ በርስ የሚተያዩ› አልነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በዕለት ንግግር ‹ከፋርማሲው ትይዩ ጠብቀኝ› ብንል ፊት ለፊት ማለታችን ነው። በከዚራ ቀጥ ያለ ጎዳና ግራና ቀኝ የሚተያዩት ሁለት ቤቶች በሠፈሩ ሰው አነጋገር ትይዩ ናቸው፤ በጂኦሜትሪ ትይዩ የሚባሉት ግን የሁለቱ ቤቶች የመንገድ ዳር ግድግዳዎች ናቸው። ልጁ ይህን ልዩነት ካልያዘ ሥዕሉ ላይ የማይሆን መስመር ያሰምራል።

‹ፓራ› የሚለው የቃሉ ክፍል ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ከገቡት ቃላት አንዱ ‹ጰራቅሊጦስ› ነው፤ በግሪክኛ ‹ከጎን እንዲቆም የተጠራ› ማለት ሲሆን፣ መጻሕፍቶቻችን አጽናኝና ጠበቃ ብለው ይፈቱታል። የበዓለ ጰራቅሊጦስን ስም የሚያውቅ ተማሪ እንግዲህ የቃሉን የመጀመሪያ ግማሽ ሳያውቀው ያውቀዋል ማለት ነው። ልብ ካላችሁ ግን የግሪኩ ፒ በግእዝ ‹ጰ› ሆኗል፣ ጴጥሮስና ጳውሎስም እንዲሁ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሲገባ ግን ‹ፓ› ተብሏል። ይህም ከድምፁ የተነሣ ነው፤ የእንግሊዝኛ ፒ በቃል መጀመሪያ ላይ ትንፋሽ ያጀበው ድምፅ ነው፣ መዳፋችሁን ከአፋችሁ ፊት አድርጋችሁ ብትናገሩት ትንፋሹ ይሰማችኋል። ስለዚህ ቃሉን ‹ጳራሌል› ብሎ የሚጽፍ ወይም የሚናገር ሰው ይሳሳታል።

ይኸው ‹ፓራ› በ‹ፓራግራፍ› ውስጥ ይገኛል፤ በጥንት ጽሑፍ ከመስመሩ ጎን ይሰመር የነበረ ጭረት ነው ስሙን የሰጠው። በ‹ፓራሳይት› ውስጥም አለ፤ በግሪክኛ ከሌላ ሰው ማዕድ አጠገብ ተቀምጦ የሚበላ ማለት ነው። ሁሉንም ‹ፓራ› ግን ወደዚህ ቤት አታስገቡ፤ ‹ፓራሹት› ውስጥ ያለው ‹መከላከል› ከሚል ሌላ ሥር የመጣ ነው።

ከሁለተኛው ግማሽ፣ ከ‹አሎስ›፣ የተወለዱት ቃላት ለአጻጻፉ የበለጠ ይረዳሉ፤ ሁሉም ሁለቱን ኤሎች ተሸክመው ይዞራሉ። የባዮሎጂ ተማሪ ‹አሊል› የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ከጥንድ ጂኖች አንዱ ለሌላው አሊል ነው፣ አጻጻፉም ኤ፣ ኤል፣ ኤል፣ ኢ፣ ኤል፣ ኢ ነው። ‹ፓራሌል› ከሚለው ቃል ላይ ፒን፣ ኤንና አርን ቆርጣችሁ ከመጨረሻ ኢ ብትጨምሩ ያገኛችሁት እርሱኑ ነው። ቃሉ ያጠረው ባቴሰንና ሳንደርስ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1902 ካወጡት ረጅም ስያሜ ነው፤ ባቡሩ ድሬዳዋ በደረሰበት ዓመት መሆኑ ለቁም ነገር ባይጠቅምም ዓመቱን ለማስታወስ ይጠቅማል። የግብርና ተማሪዎች ደግሞ ‹አሌሎፓቲ› ይላሉ፤ አንድ ተክል በሚያመነጨው ኬሚካል ሌላውን የሚጎዳበት ባሕርይ ነው። በሐረርጌ ገበሬ ዘንድ ፋራምሲሳ በመባል የሚታወቀው የፓርቴኒየም አረም ማሽላውን የሚጎዳበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ‹አለርጂ›ን የማያውቅ የለም፤ የድሬዳዋ አቧራ ሁላችንንም አስተምሮናል። ቃሉን ያወጣው የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ሲሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 1906 ነው፤ በአለርጂ ውስጥ ያለውም ‹ሌላ› ማለት የሆነው ‹አሎስ› ነው፣ ኤሉም ሁለት ነው። እንግዲህ በፈተና ሰዓት ጥርጣሬ ቢያድርባችሁ ‹አለርጂ› ብላችሁ አስቡ፤ ከኤ ቀጥሎ ሁለት ኤል፣ ከዚያ ኢ። ‹ፓራሌል›ም በዚያ ቦታ ላይ አካሄዱ ይኸው ነው።

ተማሪዎች ከሚሠሩት ስህተት በብዛት የማገኘው ሦስት ዓይነት ነው፤ ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ ይታረማሉ። አንደኛው እኔ የሠራሁት፣ ድርቡን ወደ መጨረሻ መውሰድ ነው፤ ሰውየው አንድ ቦታ ላይ ድርብ እንዳለ ያስታውሳል፣ የት እንደሆነ ግን ይጠፋዋል። ለዚህ የተደገመውን ‹አሎስ› ‹ሌላ ሙሉ፣ ሌላ ጎዶሎ› ብሎ ማስታወስ ይበቃል፤ ሁለት ኤል የያዘው ሙሉው ይቀድማል። ሁለተኛው አርን መደረብ ነው። ይህ የሚመጣው ‹ካሪ›፣ ‹ማሪ›፣ ‹ናሮው› የመሳሰሉት ቃላት ሁለት አር ስላላቸው ነው፤ በ‹ፓራ› ውስጥ ግን አር ምንጊዜም አንድ ነው፣ ‹ፓራግራፍ›ን በሁለት አር የሚጽፍ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሦስተኛው በሁለተኛው ኤ ምትክ ኢ መጻፍ ነው፤ የዚህ ጥፋቱ የአነጋገሩ ነው፣ ስለዚህ አሁን ወደ አነጋገሩ እንለፍ።

ቃሉ ሦስት ክፍለ ቃል አለው፣ የሚመታውም የመጀመሪያው ነው። አማርኛችን ክፍለ ቃላቱን ከሞላ ጎደል በእኩል ጉልበት ስለሚያስኬዳቸው ‹ፓ-ራ-ሌል› ስንል ሦስቱም እኩል ይወጣሉ፤ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ጉልበቱን ሁሉ መጀመሪያው ላይ አሳርፎ ቀጣዩን ይውጠዋል። ለልምምድ ጠረጴዛ ላይ መዳፋችሁን አኑሩ፤ ‹ፓ› ስትሉ ምቱ፣ ሁለተኛውን ስትሉ እጃችሁን አንሡ፣ ሦስተኛውን ስትሉ በጣት ጫፍ ብቻ ንኩ። የመጀመሪያው አናባቢ ከእኛ ‹ፓ›ና ከእኛ ‹ፔ› መካከል ያለ ድምፅ ነው፤ ብዙ አሜሪካውያን ወደ ‹ፔ› ያስጠጉታል፣ እንግሊዞች ወደ ‹ፓ›። ሁለተኛው ‹ራ› አይደለም፤ ደክሞ የሚታለፍ አናባቢ ነው፣ የእኛ የግእዝ ፊደል ‹ረ› ለእርሱ ቅርብ ነው። ደካማ በመሆኑም ጆሮ ኤ ይሁን ኢ መለየት ያቅተዋል፤ ሦስተኛው የአጻጻፍ ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው። ድምፁን አትመኑት፣ ‹ፓራ›ን እመኑ። ሦስተኛው ክፍለ ቃል ከ‹ሌል› አጠር ያለ ነው። የመጨረሻው ኤል በብዙ ተናጋሪዎች አፍ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ተነሥቶ ወፈር ብሎ ይወጣል፣ ‹ቃል› ስንል እንደምናወጣው ቀጭን ‹ል› አይደለም። ይህኛው ባይሳካላችሁ ግን የሚሰማችሁ ሰው ሁሉ ይረዳችኋል፤ የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል አለመምታት ግን ያደናግራል።

በከተማችን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በምድር ባቡር አገልግለው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ አሉ፤ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የወጣትነት ዘመናቸው ሥራ በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፣ ቃሉን ሲናገሩ ጉልበቱን የሚያሳርፉት መጨረሻው ላይ ነው፦ ‹ፓራሌል› ሲሉ ‹ሌል› ጎልቶ ይሰማል። እኛም በከተማው ያደግን ሰዎች ብዙዎቻችን ሳናውቀው የእርሳቸውን ዜማ ወርሰናል። ጥፋት አይደለም፣ ፈረንሳይኛ ነው። አጻጻፉን በተመለከተ ግን ፈረንሳይኛው አይጎዳንም፤ ስምንቱ ፊደላት በዚያም በቅደም ተከተላቸው ይገኛሉ፣ ከሁለቱ ኤሎች በኋላ ባለው ኢ ላይ ጭረት፣ ከመጨረሻም አንድ ኢ ይጨመራል እንጂ።

‹ፓራሌሎግራም› የሚለው አሥራ ሦስት ፊደላት አሉት፤ ‹ፓራሌል› የሚለውን ሳትነኩ ጻፉና ኦ፣ ጂ፣ አር፣ ኤ፣ ኤም ጨምሩበት። ‹ግራም› እዚህ ላይ ‹መስመር› ማለት ከሆነው ‹ግራሜ› ከተባለ የግሪክኛ ቃል የመጣ ነው፤ ሥኳር የምንመዝንበት ግራም ደግሞ ከዘመዱ ‹ግራማ› የመጣ ነው፣ ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ወንድማማች እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። እንግዲህ ስሙ በትይዩ መስመሮች የተከበበ ቅርፅ ማለት ነው፣ ይህም ጎነ አራት ሆኖ ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ ነው። አጻጻፉ ያልተለወጠው ይህ ቃል አነጋገሩ ግን ይለወጣል፤ ምቱ ከመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተነሥቶ ወደ ሦስተኛው ይሻገራል። ‹ፓ-ረ-ሌ-ለ-ግራም› በሉ፣ ጠረጴዛውን ‹ሌ› ላይ ምቱ። ‹ሎ› ብለን የምናጎላው የአማርኛው ድምፅ በእንግሊዝኛው ደክሞ ወደ ‹ለ› ይቀርባል፤ ኦ ብለን እንደምንጽፈው ግን አትርሱ።

እንግሊዞች ይህን ሁሉ የግሪክኛ ቃል ሳያንገራግሩ አልተቀበሉትም። የዌልስ ተወላጅ የሆነው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ሮበርት ሬኮርድ በ16ኛው መቶ ዓመት መካከል ጂኦሜትሪን በተራው እንግሊዝኛ ለማስተማር ፈልጎ የራሱን ስያሜዎች ሰጥቶ ነበር፤ ከ90 ዲግሪ የሚያንሰውን ማዕዘን በእኛ ‹ሹል ማዕዘን› እንደሚባለው ሁሉ እርሱም ሹል ብሎት ነበር። ለትይዩ መስመሮች ደግሞ ‹ጄሞው› መስመሮች ይል ነበር፣ መንታ መስመሮች ማለት ነው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን የእኩል ምልክት እ.ኤ.አ. በ1557 ሲያስተዋውቅ፣ ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ትይዩ መስመሮች የበለጠ እኩል የሆነ ነገር ሊኖር አይችልም የሚል ምክንያት ሰጥቷል። ‹ጄሞው› ጠፋ፣ ምልክቱ ቀረ። እኔን ያስደነቀኝ ግን የቃሉ ሥር ነው፤ መንታ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የቋንቋ ሊቃውንት የእኛን ማጥበቅ በእንግሊዝኛ ‹ጀሚኔሽን› የሚሉትም ከዚያው ሥር ነው። መንታ መስመርና መንታ ድምፅ ከአንድ ማኅፀን ወጡ ማለት ነው።

ቅጥያ ሲጨመርበት አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በእንግሊዞች አጻጻፍ ‹ትራቭል› የሚለው ግሥ ኃላፊ ጊዜውን ሲይዝ የመጨረሻው ኤል ይደረባል፤ ‹ፓራሌል› ግን ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ኢ እና ዲ ስትጨምሩም ይሁን አይ፣ ኤን እና ጂ ስትጨምሩ የመጨረሻው ኤል አንድ ሆኖ ይቀራል፤ በእንግሊዝም በአሜሪካም እንዲሁ ነው። ‹አቻ የማይገኝለት› ማለት የሆነው ‹አንፓራሌልድ› የሚለው ቅጽልም በዚሁ ይሄዳል። ‹ፓራሌሊዝም› በሚለውም አይ፣ ኤስ፣ ኤም ይከተላሉ፣ ኤል አይጨመርም።

ከሁሉም የሚከብደው ስድስት ገጾቹ ሁሉ ፓራሌሎግራም የሆኑት ጠጣር ቅርፅ ስም፣ ‹ፓራሌሌፒፔድ› ነው። ብዙ ሰው ከ‹ፓራሌሎግራም› ጋር አመሳስሎ ከ‹ፓራሌል› ቀጥሎ ኦ ያስገባበታል፤ በቀድሞ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም እንዲህ ተጽፎ ይገኝ ነበር። ሥሩ ግን ኢ ነው የሚለው፤ የኋለኛው ግማሽ ‹ኤፒፔዶን› ሲሆን፣ ‹ኤፒ› ማለት ‹በላይ›፣ ‹ፔዶን› ማለት ‹ምድር፣ ወለል› ማለት ነው፣ ጠፍጣፋ ገጽ ለማለት። ስለዚህ ‹ፓራሌል› ከጻፋችሁ በኋላ ኢ፣ ፒ፣ አይ፣ ፒ፣ ኢ፣ ዲ አስከትሉ፤ በድምሩ አሥራ አራት ይሆናል። በአነጋገር ‹ፓይ› ላይ የሚመቱም አሉ፣ ‹ሌ› ላይ የሚመቱም አሉ፤ ሁለቱም ይሠራሉ።

በፊደላችን ስትጽፉት ‹ፓራሌል› የሚለው በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፣ ‹ፓራለል› የሚሉም ይገኛሉ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ በፊደሉ የሚጠበቀውንም ሆነ የሚላላውን ለይተን ስለማናሳይ ግን፣ ለተማሪ ስትጽፉለት ‹ሌ›ን አላልቶ እንዲያነብ በቃል ንገሩት። ለጂኦሜትሪ መስመሮች ‹ትይዩ› እያለ ‹ፓራሌል› ማለት አያስፈልግም፤ ነገር ግን አምፖሎቹን በፓራሌል የቀጠለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛን ‹በትይዩ በል› ማለት ከንቱ ድካም ነው። በኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ‹38ኛው ፓራሌል› ብለው ተመልሰዋል፤ እዚያ ላይ ቃሉ በምድር ዙሪያ ከምድር ወገብ ጋር ትይዩ የሚሄድ የኬክሮስ መስመር ነው። ድሬዳዋ በሰሜን በኩል በ9ኛውና በ10ኛው ፓራሌሎች መካከል ትገኛለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ተማሪው በእንግሊዝኛ እንዲጽፈው አድርጉና ኤሎቹን ቁጠሩለት፤ ቃሉ ብዙ ቁጥር በመሆኑ ከመጨረሻው ነጠላ ኤል ቀጥሎ የሚመጣው ኤስ ብቻ ነው።